ተካይ ሞልቶ ጠባቂ ጠፋ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በበጋ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። ጋራው ተራቁቷል፤ እርሻው ገደል አፋፍ ድረስ ወጥቷል፤ ከብቱ ቃርሚያ ይለቅማል። ድንገት አንዱ ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል። የአገሩ ልጅ «ምንድነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥዱም፣ ወይራውም፣ ዋንዛውም እዚያው ቅጽሩ ውስጥ ተጠግተዋል።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ ዛፍ ባለሙያ ልጥራ። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በሃያ ስምንት ደን ብቻ! ይህን ሀብት ማን ጠበቀው? በጀት የተያዘለት መሥሪያ ቤት አይደለም። አጥር የሚያጥረው፣ የገባ ከብት የሚያስወጣው፣ «እዚህ መጥረቢያ አይነሳም» የሚለው የአጥቢያው ሰው ነው። ዛሬ «በጎ ፈቃደኛ» የምንለው ማለት ነው።

እናማ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይኼው ሰው ቅጽሩ ውስጥ ሲሆን ለዘመናት የጠበቀውን ዛፍ፣ የከተማው መናፈሻ ወይም የቀበሌው ተራራ ላይ ሲሆን ለምን ጀርባውን ይሰጠዋል?

መልሱ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ ይነገራል። «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይባላል። ከዚያ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ሻይ ይጠጣል። እኔ ግን ሕዝቡ ግንዛቤ አነሰው አልልም። የተነፈገው የመወሰን መብት ነው።

አንድ የማውቀውን ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ስሟ ይቆይና፣ በአንዲት ከተማ አነስ ያለች መናፈሻ ነበረች። ጥቂት ተማሪዎቼና የሠፈሩ ጡረተኞች ይንከባከቧት ነበር። ሥራቸው ለወሬ አይመችም። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት በጀሪካን ውሃ ማመላለስ፣ የተቀደደ አጥር መጠገን፣ ፍየል ማባረር፣ የወደቀ ላስቲክ መልቀም። ካሜራ የሚመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ፍየል ግን ዓመቱን ሙሉ ይመጣል። ዛፎቹ ለአቅመ ጥላ ደረሱ። ታዲያ አንድ ቀን ለባዛር ድንኳን ቦታ ተፈለገና ባንድ ጧት ተቆረጡ። ማንም አልተጠየቀም። በሚቀጥለው ክረምት ለዚያው ቦታ «ኑና ትከሉ» የሚል ጥሪ መጣ። ውሃ ሲያመላልሱ ከነበሩት ጡረተኞች አንዱ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ ስንተክል ይጠሩናል፤ ሲቆርጡ ለምን አልጠሩንም?»

በተከላው ዕለት አንዳቸውም አልወጡም። እምቢ አላሉም፤ ዝም ብለው ቀሩ። እንግዲህ ይኼ ነው «የግንዛቤ እጥረት» የሚባለው!

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። ስለ ቁጥሩ ልከራከር አልመጣሁም። ዘመቻ ሁሉ ከንቱ ነውም አልልም። ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ የቆየ ተራራ ሣሩ ሲመለስ አይተናል። የእነ ዶክተር ዓለማየሁም ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከብት ሲከለከል ዘሩ ይበቅላል፣ ቡቃያውም ይተርፋል። የኔ ክርክር ከቆጠራው ወር ጋር ነው። ችግኝ የምንቆጥረው ሐምሌ ላይ ነው፤ ውሃ ያጣ ችግኝ የሚሞተው ደግሞ በበጋ ነው። በሐምሌ ብዙ ተከልኩ ያለ ሹም ሲሸለም አይተናል። በግንቦት «ይህን ያህል ተረፈልኝ» ብሎ የተሸለመ ማን አያችሁ? እናላችሁ፣ ያው ጉድጓድ በየዓመቱ አዲስ ችግኝ ይበላል።

ከስሙም ጋር ጠብ አለኝ። በጎ ፈቃድ ማለት ፈቃድ ያለበት ማለት ነው። ስም ዝርዝር ተይዞ የቀረ ሰው የሚቀጣበት ሥራ በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ግብር ነው። ግብር ነውር የለውም፤ ብቻ ግብር ከሆነ ግብር በሉት። ጋይንትና ስማዳ ይህን ልዩነት የሚነግራቸው አስተማሪ አያሻቸውም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው ሴፍቲኔት ታቅፈው እርከን ሲሠሩ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። እዚያ ቢያንስ ውሉ ግልጽ ነው፤ ይህን ያህል ቀን ሥራ፣ ይህን ያህል እህል ወይም ብር። ገበሬው ወንፈልንም ያውቃል። ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ደቦ የሚጠራም ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ነው የሚጠራው። ለባላባት ይሰጥ የነበረውን የግዳጅ ጉልበት አልረሳሁትም። ግን ያን ማንም «በጎ ፈቃድ» ብሎ አልጠራውም። ሰውን በጎ ፈቃደኛ ብሎ ጠርቶ፣ አሠርቶ፣ ሳያማክሩ መሸኘት የኛ ዘመን ፈሊጥ ነው።

«ደኑን የጠበቀው እግዜርን መፍራት ነው፤ መናፈሻን ማን ይፈራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ደህና። እንግዲያው መንዝ እንሂድ። ጓሳ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይደለም፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የደጋ ሣር መሬት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጠቃሚዎቹ «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓት፣ ራሳቸው በመረጡት አለቃ ሲጠብቁት ኖሩ። (ከኋለኛው ዘመን የፖለቲካ ስም ጋር አይምታታብን።) ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል። ሲከፈት ሣሩ ይታጨዳል፤ ቤት ይከደንበታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። አዋጁ ብዙ በደል ሽሯል፤ ቄሮም ከርስት ጋር የተያያዘ ስለነበር ያገለላቸው ሰዎች ነበሩ። ግን ከበደሉ ጋር ጠባቂውም አብሮ ተሻረ፤ ጓሳም ለደረሰ ሁሉ ክፍት ሆነ። ኋላ የዳነው ነዋሪው ራሱ መልሶ ደንብ አውጥቶ ስለያዘው ነው። ጓሳ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ሥፍራ ነው። መንዜ ሣሩን አልፈራውም፤ የኔ ነው ብሎ፣ በደንቡም ላይ ድምፅ ኖሮት ጠበቀው።

የቤተ ክርስቲያኑም ደን ቢሆን እንከን የለውም አልልም። ነባሩ ዛፍ አልቆ ባሕር ዛፍ የተተካበት፣ አጥር አጥቶ ከብት የሚውልበት አለ። እዚያም ቢሆን የተረፈው ባለቤት ያለው ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ወገዳም ይሁን ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስም ይሁን ዓርብ ገበያ፣ መናፈሻ ሲከለል አብሮ የሚጠብቀው ኮሚቴ በሠፈሩ ሰው ይመረጥ። ውሃ ያጠጡት ሰዎች ሳይስማሙ ዛፉ አይቆረጥ፤ ይህም በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በማኅተም ይሁን። ችግኝ በግንቦት ይቆጠር፤ ሽልማት ካለም ያኔ ይሰጥ። ለሥልጠና አበል የሚወጣው ገንዘብ ለአጥርና ለውሃ ይዋል።

እኛ ተማርን የምንለውም ከወቀሳው አናመልጥም። በሐምሌ አንድ ችግኝ ይዘን ፎቶ ተነስተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እኔ ራሴ የተከልኩትን ችግኝ ተመልሼ ያላየሁባቸው ዓመታት ካየሁባቸው ይበዛሉ። እነዚያ ጡረተኞች ግን ጀሪካን ይዘው በየሳምንቱ ነበሩ።

የሰውዬው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። የሚቀጥለው ክረምት የተከላ ጥሪ ከመጻፉ በፊት ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ እሱን ይመልሱልኝ።