የተማሪዎች የበጎ ፈቃድ ጉዞ፦ ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት

የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ሲቃረብ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጥሪዎች በየካምፓሱ ይበዛሉ። ቆይታው አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። መድረሻው አንዳንዴ የእስያ መንደር፣ አንዳንዴም የእኛው አገር ይሆናል። እዚህ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ካለዎት ጥሪው እርስዎም ቤት ደርሶ ይሆናል። ከፋዩ እርስዎ ነዎትና ጥቂት መጠየቅ ይገባዎታል።

የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት በጎ ፈቃድን በብርቱ ያበረታታሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገችው ራዕይ 2030 የበጎ ፈቃደኞቿን ቁጥር ከ11 ሺህ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ለማድረስ አቅዳለች። ኳታርም ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ 20 ሺህ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፋለች። ደግ ነው። ሆኖም ስታዲየም በር ላይ እንግዳ መቀበልና ሰው መንደር ገብቶ ትምህርት ቤት መገንባት ለየቅል ናቸው።

እስቲ ግንባታውን እንየው። ብሎኬት ይዞ የማያውቅ የኮምፒውተር ተማሪ አህጉር አቋርጦ ግድግዳ ሊያቆም ይሄዳል። እዚያው መንደር ግን ግንበኛ አለ፤ ሥራ አጥቶ ቆሞ ያያል። የአንዱ ተማሪ የአውሮፕላን ዋጋ ለዚህ ሰው የቀን ሒሳብ ቢሆን ግድግዳውም ቀጥ ይላል፣ ቤቱም እንጀራ ይገባል።

የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ አቅፎት፣ ፎቶ አንስቶት የሚሄድ ሕፃን ምን ይተርፈዋል? ጎብኚ ገንዘብ ይዞ ስለሚመጣ ወላጅ ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ ወደ ማሳደጊያ የሚገቡባቸው አገራት አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ውሳኔ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲከላከሉ አገራትን አሳስቧል። ልጅዎ የተጋበዘው ወደዚህ ዓይነት ቦታ ከሆነ ገንዘብዎን አይስጡ።

ተማሪን ወደ ገጠር መላክ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ አስተማሩ። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ልንለው አንደፍርም፤ ያጉረመረመም አልጠፋም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ክፍል ያስተማረ ሰው ተማሪዎቹን በስም ያውቃል፣ ዝናቡንም ረሃቡንም አብሮ ያያል። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ቢያዘምትም፣ ከመንግሥት ጋር በተፈጠረው አለመግባባት ብዙዎች ጥለው ተመልሰዋል። የታሪኩ ሁለት ፊት ይህ ነው።

ጉዞ ሁሉ ይቅር አንልም። የነርሲንግ ወይም የምሕንድስና ተማሪ በሙያው፣ በአስተማሪው እየተመራ፣ የአካባቢው ሰው ጠርቶት ቢሄድ ይጠቅማል፤ ይማራልም። ለሌላው ግን ሥራው ደጃፉ ላይ ነው። በየቤቱ የሚሠሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ ዓረብኛ የሚማሩት ከቁጣ ነው። የሥራ ውላቸውን ማንበብ፣ በስልክ ገንዘብ መላክ፣ ሐኪም ፊት ሕመማቸውን መናገር ይቸግራቸዋል። አማርኛም ዓረብኛም የሚያውቅ የእኛ ተማሪ በዕረፍት ቀናቸው ሁለት ሰዓት ቢያስተምራቸው የሚተካው የለም። ለዚህ ቪዛ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሴሚስተሩን ሙሉ አለመቅረት ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ልገሳ መሰብሰብን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ሰጥቷል። ልጆች በቅንነት በዋትስአፕ የሚጀምሩት መዋጮ ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ ከኮሌጁ የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ወይም ከተመዘገበ ተቋም ጋር ይነጋገሩ፤ ትምህርቱም የት እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚፈቅድ አስቀድመው ይወቁ።