ነርሷን ማን ጠየቃት?

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪምን ሊተካ ነው» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። አውሪዎቹ የሚያሞግሱት መሣሪያውን ነው፤ መሣሪያውን ይዛ ከበሽተኛ ፊት የምትቆመውን ነርስ ከቁብ የቆጠራት የለም።

ታይላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ጉግል፣ የስኳር ሕመምተኞችን የዓይን ፎቶግራፍ አይቶ ጉዳቱን የሚለይ ፕሮግራም በ11 ክሊኒኮች አስገባ። በቤተ ሙከራ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ነው የተባለለት ፕሮግራም ነው። ክሊኒክ ሲገባ ግን ፎቶ የሚነሣበት ክፍል እንደ ልብ አይጨልምም፤ ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል። ከ1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን «ጥራት የለውም» ብሎ መለሰ። ተመለሰ ማለት ደግሞ በሽተኛው ሌላ ቀን ሥራ ፈትቶ ወደ ሌላ ቦታ፣ ዓይን ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ነርሶች በሽተኞቻቸውን «ጥናቱ ውስጥ ባትገቡ ይሻላችኋል» እስከ ማለት ደረሱ። አሻፈረኝ ባይነት ነው ይሉ ይሆናል። እኔ ሙያ እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጉድ የጻፉት የራሱ የኩባንያው ተመራማሪዎች ናቸው (ይመስገኑ!)። የጻፉትም ክሊኒክ ድረስ ሄደው የነርሶቹን ሥራ ስላዩ ነው። እንግዲያው ለግዢ የሚፈርም ሹም ሁሉ የሻጩን ወረቀት አስቀምጦ፣ አንዲት ቀን እንኳ ተራ ከሚጠብቁት ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጥ።