ስለ ፔይንትቦል መተኮሻ ግዢ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፦

ልጆቻችን ማርከር የሚሉትን የፔይንትቦል መተኮሻ ግዙልን ማለታቸው ይታወቃል። አንዳንዶቻችሁ ርካሹ ይበቃል ስትሉ፣ ሌሎቻችሁ ባለ ባትሪውን ውዱን ትላላችሁ። እኛ መካከለኛውን እንደግፋለን። እ.ኤ.አ. በ1998 እንደ ወጣው ቲፕማን 98 ያለው ባትሪ አይፈልግም፤ ቢወድቅ ቢቆሽሽም ቶሎ አይበላሽም፤ ፈትቶ መጥረግም ቀላል ነው። ባለ ባትሪው ፈጥኖ ይተኩሳል፣ እውነት ነው። ታዲያ ፈጥኖ የሚተኩስ ጥይቱንም ፈጥኖ ይጨርሳል፤ ጥይት ገዢው ማነው? ወላጅ!

ጋዙን በሚመለከት፣ የታመቀ አየር ይሻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርድ ግፊቱ ስለሚወርድ የጥይቱ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ሜዳዎች ደግሞ በሴኮንድ ከ300 ጫማ የሚበልጥ አያስገቡም።

ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ ለጭምብል ይዋል። በዚያ ፍጥነት የመጣ ጥይት ዓይን ያጠፋል፤ የፀሐይ መነጽር እንዲያው ከንቱ ነው። ላብ አስቸገረኝ ብሎ ሜዳ ውስጥ ጭምብል ማውለቅ የለም።

ሌላው፣ መተኮሻው ከሩቅ ሲታይ እውነተኛ ጠመንጃ ይመስላል። እዚህ አሜሪካ፣ በጥቁር ልጅ እጅ ሲታይ ፖሊስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከቤት እስከ ሜዳ በቦርሳ ተዘግቶ፣ በመኪና ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ብቻ እንዲጓዝ አጥብቀን እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት