ድንጋዩ ያልተናገረው

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ቤክዎርዝ የሚባል በር አለ። ከባሕር ወለል በላይ 1,590 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ በር ከተራራው ሰንሰለት መሻገሪያዎች ሁሉ ዝቅተኛው ሲሆን፣ በሥፍራው የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ በሩን ያገኘው ጄምስ ቤክዎርዝ የተባለ አሳሽና አጥማጅ መሆኑን ለአላፊ አግዳሚው ያበሥራል።

«ያገኘው» የሚለው ቃል ራሱ ሙግት ይጠራል። ቤክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1850 ከዚያ ከመድረሱ በፊት ማይዱና ሌሎች ነባር ሕዝቦች በዚያ በር ለብዙ ትውልድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ለመሆኑ ሰው የሚኖርበት አገር «ተገኘ» የሚባለው ከማን ጠፍቶ ነው?

ሰውየውስ ማን ነበር? በቨርጂኒያ ከባሪያ እናትና ከነጭ ጌታዋ የተወለደ ጥቁር ነው። ለባለጸጎች ባርኔጣ መሥሪያ የሚፈለገውን ቢቨር የተባለ የውኃ እንስሳ እያጠመደ፣ ከክሮው ሕዝብ ጋር ለዓመታት ኖረ። በ1851 የሰፋሪዎችን ሠረገሎች በዚያ በር መርቶ ሜሪስቪል ከተማ አደረሰ፤ ከተማዋ ግን ወዲያው በእሳት ስለ ጋየች የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ መቅረቱን ራሱ ተርኳል።

ይህ ትረካው በ1856 በመጽሐፍ ሲታተም፣ ከአፉ ተቀብሎ የጻፈው ቶማስ ቦነር ጥቁርነቱን በዝምታ አለፈው። በ1951 ደግሞ ሆሊውድ «ቶማሃውክ» በተባለው ፊልም የቤክዎርዝን ቦታ ለነጩ ተዋናይ ለጃክ ኦኪ ሰጠ። ብዕሩ የደበቀውን ካሜራው ቀበረው። ኪነ ጥበብ ለገዢዎች ባደረች ጊዜ የምትፈጽመው በደል ይህን ይመስላል።

ይህን በደል እንካስ ብለን እንከን የሌለው ጀግና ብንቀርጽም ያው ሌላ ሐሰት ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 የኮሎኔል ቺቪንግተን ጦር በሳንድ ክሪክ ከ150 የማያንሱ ሻያኖችንና አራፓሆዎችን ሲጨፈጭፍ፣ ከጦሩ መንገድ መሪዎች አንዱ ቤክዎርዝ ነበር። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። እንቢ ቢል እንደሚሰቀል ተነግሮት መሄዱን ተናግሯል፤ በ1865 በመርማሪዎች ፊት ቀርቦም ያየውን መስክሯል። ከባርነት የወጣ ሰው የጨፍጫፊ መንገድ መሪ፣ ቀጥሎም የጨፍጫፊው መስካሪ ሆነ። ይህን ግጭት ዘልሎ ተውኔት የሚጽፍ ደራሲ ከቦነር አይሻልም።

መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒው በመድረኩ፣ ካድሬው በስብሰባው የመታሰቢያ ቃል እንዲያዘጋጅ በተጠየቀ ጊዜ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቅ። ቀድሞ እዚህ ማን ነበረ? ሥራውን ማን ሠራው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? እነዚህን የማይመልስ ድንጋይ የቆመው ላስቆመው ብቻ ነው።