የሦስት መድኃኒት ጥምረትና የደቅ ደሴት ጀልባ

ባለትናንሽ ሕዋስ የሚባለው የሳንባ ካንሰር በመጀመሪያው የኬሞቴራፒ ሕክምና ፈጥኖ ይከስማል፤ ከወራት በኋላ ግን በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ያገረሻል። ላገረሸው በሽታ ለዓመታት የተለመደው መድኃኒት ቶፖቴካን ነበር። የጃፓን ሐኪሞች ሲስፕላቲንን፣ ኢቶፖሳይድንና አይሪኖቴካንን አጣምረው፣ በሽታው ከ90 ቀናት በኋላ በተመለሰባቸው 180 ሕሙማን ላይ ከቶፖቴካን ጋር አወዳደሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ፦ ጥምረቱን ካገኙት ግማሾቹ 18.2 ወራትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ በቶፖቴካን የታከሙት ግማሾቹ የደረሱት 12.5 ወራት ነው።

ወራቱ ግን በነጻ አልተገኙም። ነጭ የደም ሕዋስ የሚያበረታ መርፌ እየተሰጣቸው እንኳ፣ ሕዋሱ ተመናምኖ ትኩሳት የያዛቸው ከመቶ 31 ነበሩ፤ በቶፖቴካን 7 ብቻ። ይህ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ካላገኘ ይገድላል። ከደቅ ደሴት የመጣ ሕመምተኛ በእኩለ ሌሊት ቢያተኩሰው ጀልባ የሚያገኘው ሲነጋ ነው፤ ያውም ጣና ማዕበል ካላነሣ።

«እንግዲያው እዚህ አይሞከር» በሚለው አንስማማም። ካላዛርና ኤችአይቪ ተደራርበው በያዟቸው ሕሙማን ላይ የአምቢሶምና የሚልቴፎሲን ጥምረት የተፈተነው በጎንደርና በአብደራፊ ቆላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጥምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል። ስለሆነም የካንሰሩ ጥምረት ባሕር ዳር ላይ ቢሞከር፣ በጀቱ ከመድኃኒቱ ዋጋ እኩል የደም ምርመራንና ሕዋሱ በሚያንስባቸው ቀናት ሕመምተኛው ከነአስታማሚው ከተማ የሚያርፍበትን ቤት ይያዝልን። ትኩሳት የተነሣበት ሰው በስንት ሰዓት ሆስፒታል እንደደረሰም ከዕድሜው ጋር አብሮ ይመዝገብ።