ማጣሪያው አጣራ ማለት አንተ አጣራህ ማለት አይደለም



ውድ የገጻችን ተከታታዮች፣ በተለይ በሞርሲቶ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች ያላችሁ ወጣት ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የሰው ሪዝቅ እየጠፋ፣ የቤተሰብ ገንዘብ እየተበላ ነውና እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

በወጣቱ አፍ ላይ ሦስት አባባሎች አሉ። አንደኛው «ኢሜይሉ ኢንቦክስ ከገባ ጉግል አጣርቶታል፣ እመነው» ይላል። ሁለተኛው «ስፓም ከገባ ውሸት ነው፣ ሳታየው አጥፋው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሰሞኑን የመጣ ነው፦ «የእኛን መልእክት ሆን ብለው ነው ስፓም ውስጥ የሚከቱት፤ ስማችን ሙሐመድና ፋጡማ ስለሆነ ነው» ይላል። ሦስቱም ስህተት ናቸው። ሦስቱም የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው፤ ማሽኑ እውነትንና ውሸትን ያውቃል ብሎ ከማሰብ። ወላሂ አያውቅም።

ጉዳቱ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ከመስጂዳችን ጀመዓ ወጣቶች አንዱ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አመልክቶ ነበር። የቃለ መጠይቅ ጥሪው ስፓም ውስጥ ተቀምጦ ሳያየው ቀኑ አለፈ። ሌላው ወንድማችን ደግሞ ለ«ቪዛ ማስፈጸሚያ» ተብሎ የተጠየቀውን ገንዘብ ላከ። ገንዘቡ ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ያገኘው ነበር። «ለምን አመንክ?» ሲባል መልሱ «ኢንቦክስ ነው እኮ የገባው!» የሚል ሆነ። ለመጀመሪያው እውነቱ ውሸት ተባለበት፣ ለሁለተኛው ውሸቱ እውነት ተባለለት። ሁለቱም ፍርዱን ለማሽን ሰጥተው ነበር።

ታዲያ ይህ ማሽን ምን ይሠራል?

በኢሜይል ታሪክ የመጀመሪያው ስፓም ተብሎ የሚታወቀው መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1978 ነው። ዲኢሲ የተባለ የአሜሪካ ኮምፒውተር አምራች የሽያጭ ሰው፣ አርፓኔት በሚባለው የያኔው መረብ ላይ ለነበሩ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ማስታወቂያ በጅምላ ላከ። ኢሜይል እየተስፋፋ ሲሄድ እንዲህ ያለው ጎርፍ ሆነ፤ ማጣሪያም መጣ። የቀድሞዎቹ ማጣሪያዎች «ይህ ቃል ካለበት ጣለው» በሚል ደንብ ይሠሩ ነበር። ሌባው ቃሉን አጣሞ ሲጽፈው ግን ደንቡ ከንቱ ሆነ።

በኦገስት 2002 ፖል ግራሃም የተባለ ፕሮግራመር ሌላ መንገድ በሰፊው አስተዋወቀ። መሠረቱ በቶማስ ቤይዝ ስም የሚጠራውና በ1763 የታተመው የዕድል ስሌት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰዎች «ስፓም» ያሏቸው መልእክቶች በአንድ ክምር፣ «ደህና» ያሏቸው በሌላ ክምር ይደረጋሉ። እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ክምር ምን ያህል እንደሚገኝ ይቆጠራል። አዲስ መልእክት ሲመጣ የቃላቱ ክብደት ተሰልቶ ሚዛኑ ወዳጋደለበት ይጣላል። የዛሬዎቹ ማጣሪያዎች ከዚያ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ የላኪውን ታሪክ፣ ሊንኩን፣ የተላከበትን ብዛት ሁሉ ያያሉ። የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ያው ነው፦ «ይህ መልእክት ከየትኛው ክምር ጋር ይመሳሰላል?» «ይህ መልእክት እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማጣሪያ የለም።

እናቶቻችን ስንዴ ሲነፉ ወንፊቱ የሚለየው በመጠን ነው። እንክርዳዱ የስንዴውን መጠን ካከለ አብሮ ይቀራል፤ በላተኛውንም ያሰክራል። ደቃቃ የሆነ መልካም ስንዴ ደግሞ ከገለባው ጋር ይወድቃል። ወንፊቱ አልዋሸም፣ የተሠራበትን ሥራ ሠራ። ስለዚህ ነው እናቶቻችን ከወንፊቱ በኋላ ሰፌድ ይዘው ቁጭ ብለው በእጃቸው የሚለቅሙት።

አሁን እውነተኛውን የትምህርት ዕድል መልእክት አስቡት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ሊንክ ተጭነው የፓስፖርትዎን ቅጂ ይላኩ» ይላል። ሌባውስ ምን ብሎ ይጽፋል? ይህንኑ! ሌባ የባለ ሐቁን ልብስ ሰርቆ ከለበሰ፣ ባለ ሐቁም በጥበቃው ዓይን ሌባ ይመስላል። በዚያ ላይ ላኪው ከዚህ በፊት ጽፎልህ አያውቅም፣ ለብዙ ሺህ አመልካች በአንድ ጊዜ ልኳል፣ አንተም ለመልእክቶቹ መልስ ሰጥተህ አታውቅም። ማሽኑ ቢሳሳት ምን ይደንቃል?

የቋንቋውም ነገር አለ። ማሽኑ የሚማረው ካየው ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ያየው አማርኛ ጥቂት ነው፣ ሀዲይኛና ከምባትኛማ ከዚያም ያነሰ። ሀዲይኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለማሽኑ የማያውቀው የቃላት ድርድር ሊሆንበት ይችላል። «ስማችን ሙሐመድ ስለሆነ ነው» ለሚለው ወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ ማስረጃ የሌለው ክስ መጥፎ ጥርጣሬ ነው፣ ከእርሱም ተከልክለናል። ማሽኑ በእኛ ላይ የበለጠ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ግን ስለጠላን ሳይሆን ስለማያውቀን ነው። የማያውቅህን ደግሞ ታሳውቀዋለህ እንጂ ተቀምጠህ አትረግመውም።

መድረሳ የተቀመጣችሁ ይህን የሚቀጥለውን ነጥብ በደንብ ትረዱታላችሁ። ሙሐዲሶች ሐዲስን ሲመረምሩ ኢስናዱንም መትኑንም ያያሉ። ኢስናድ የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት ነው፣ መትን ደግሞ የተነገረው ቃል። ሰንሰለቱ ደህና መስሎ መትኑ ስውር እንከን ሊኖረው እንደሚችል ያውቃሉ። ኢሜይልም የራሱ ዓይነት ኢስናድ አለው። ኤስፒኤፍ የሚባለው «ይህ ሰርቨር በዚህ አድራሻ ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዲኪም የሚባለው መልእክቱ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ፊርማ አድርጎ በመንገድ እንዳልተለወጠ ያሳያል። ዲማርክ የሚባለው ደግሞ በሁለቱ ላይ ቆሞ የሚታየው የላኪ ስም ከእነርሱ ጋር መስማማቱን ያያል፤ ካልተስማማም ምን ይደረግ የሚለውን ይናገራል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ እርሱ የሚልኩትን ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟሉ አስገድዷል።

መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የኢስናድ ምርመራ ነው፣ መትኑን አይነካም። ሌባው በጥቂት ዶላር የራሱን አድራሻ ገዝቶ ሦስቱንም አስተካክሎ ማሟላት ይችላል። ያኔ ማሽኑ «ላኪው በእርግጥ ነኝ ያለው ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። አዎ፣ ሌባው በእርግጥ ሌባው ነው! በሌላ በኩል ባለሙያ የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት እነዚህን ሳያስተካክል እውነተኛ ጥሪ ይልክና ስፓም ይገባበታል። ከሁሉ የከፋው የወንድምህ አካውንት ሲሰረቅ ነው። ጆሃንስበርግ ያለው ወንድምህ በራሱ አድራሻ «ታስሬያለሁ፣ ቶሎ ብር ላክ» ብሎ ይጽፍልሃል። ኢስናዱ አንድ እንከን የለውም፤ መትኑ ግን ከላይ እስከ ታች ባጢል ነው።

ከአገራችን ሰው የደረሰ የታወቀ ምሳሌ ልጨምር። በኦክቶበር 2016 ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመራ የነበረው ጃዋር ሙሐመድ አሜሪካ ሳለ ኢሜይል ደረሰው። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን ድረ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ነበር፤ ገጹም ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ የሚባለውን ፕሮግራም አድስ ይላል። በውስጡ የነበረው የስለላ ፕሮግራም ነው። ጃዋር ጠርጥሮ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲትዝን ላብ ላከው፤ ተቋሙም በዲሴምበር 2017 ዝርዝሩን በሪፖርት አወጣ። ስለ ፖለቲካው ያላችሁን አቋም ተዉትና ትምህርቱን ውሰዱ። ለሚሊዮኖች የሚላከውን ማሽኑ ቶሎ ይለየዋል፣ ክምር አለውና። ለአንድ ሰው ታስቦ፣ የሚያነበውን ድረ ገጽ አስመስሎ የተጻፈ መልእክት ግን የሚመሳሰልበት ክምር የለውም። እዚያ ላይ የቀረው የሰውየው ጥርጣሬ ብቻ ነው።

«ታዲያ ጉግል ከ99.9 በመቶ በላይ እይዛለሁ ይል የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይላል፤ ቀላል ሥራም አይደለም። ግን ኩባንያው የሚቆጥረው በቢሊዮን ነው፣ አንተ የምትቆጥረው በአንድ። እንበልና ማጣሪያው ከ1,000 ትክክለኛ መልእክቶች አንዱን ብቻ ይሳሳታል። በቀን 20 መልእክት ቢደርስህ በ50 ቀን አንድ ትክክለኛ መልእክት ተቀበረብህ ማለት ነው። ያቺ አንዷ የሱቅ ማስታወቂያ ብትሆን ምንም አይደለም። የዓመት ልፋትህ መልስ ብትሆንስ? ለኩባንያው ስሌት ሁለቱ እኩል አንድ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። በአማርኛ «ማጣራት» አንድም ወንፊት የሚሠራው ሥራ ነው፣ አንድም ዳኛ የሚሠራው ሥራ ነው። ማሽኑ የወንፊቱን ይሠራል። የዳኛው ግን የአንተ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ፣ የማይታመን ሰው ወሬ ሲያመጣ አጣሩ ተብለን የታዘዝነው እኛ ተቀባዮቹ ነን። ልብ በሉ! ትእዛዙ ማጣራት ነው፤ ሳያዩ ማመንም ሳያዩ መጣልም አይደለም። «ስፓም» የሚለው ምልክት «ይህ ላኪ አጠራጣሪ ነው» ከሚል ወሬ አይበልጥም። «ኢንቦክስ»ም «የሚያስጠረጥር ምልክት አላየሁም» ነው እንጂ «እመሰክራለሁ» አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እነዚህን አድርጉ፦

1ኛ. ኢሜይላችሁ የራሳችሁ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ዲቪና ስኮላርሺፕ የምታስሞሉት ኢንተርኔት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የሚጻፈውም የባለ ቤቱ ኢሜይል ነው። የአንድ መቶ ሰው ተስፋ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ! የይለፍ ቃሉን ለብቻህ ያዝ፣ የዲቪ ማረጋገጫ ቁጥርህንም ራስህ ጋ አስቀምጥ።

2ኛ. በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በየጁሙዓው፣ ስፓሙን ክፈቱና ላኪውንና ርዕሱን እዩ። ጂሜይል ስፓም የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል። አደጋው በዋናነት ሊንክ መጫኑና የተያያዘ ፋይል መክፈቱ ላይ ነው።

3ኛ. ትክክለኛ መልእክት ስፓም ውስጥ ካገኛችሁ «ስፓም አይደለም» የሚለውን ተጫኑ፣ ላኪውንም መዝግቡ። ማሽኑ የሚማረው ከዚህ ነው። የማትፈልጉትን የታወቀ ድርጅት ማስታወቂያ ሁሉ ደግሞ በንዴት «ስፓም» አትበሉ፤ እርሱም ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆናል፣ የሌላውን ትክክለኛ መልእክት ያስቀብራል።

4ኛ. መልእክቱ በሰጣችሁ በር አትግቡ። የድርጅቱን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ገንዘብ የጠየቀው ዘመድ ከሆነ በምታውቁት ቁጥር ደውሉና ድምፁን ስሙ።

በመጨረሻም ዲቪን ተመልከቱ፤ አካባቢያችን በደንብ የሚያውቀው ስለሆነ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲናገር የቆየው ይህ ነው፦ ማንንም «ደርሶሃል» ብለን በኢሜይል አናሳውቅም። ኢሜይል ብንልክ እንኳን «ድረ ገጻችን ላይ ገብተህ ውጤትህን እይ» ለማለት ብቻ ነው። ሌባው ግን «ደርሶሃል፣ ብር ላክ» ይላል። እንግዲህ ሁለቱ መልእክቶች ስፓምም ይግቡ ኢንቦክስ፣ የሚለያዩት በዚህ ነው፦ እውነተኛው ሄደህ አረጋግጥ ይልሃል፣ ሐሰተኛው ሳታረጋግጥ ፍጠን ይልሃል።

አላህ ከአታላዮች ተንኮል ይጠብቀን፣ ሐቁን ሐቅ አድርጎ ያሳየን። ኢሜይል ለሌላቸው እናትና አባቶቻችሁም በቃል ንገሯቸው፤ የሚላከው ብር ብዙ ጊዜ ከእነርሱ መቀነት ነውና የሚወጣው።

ወሏሁ አዕለም።