«በእንግሊዝኛ ይጻፉት» አትበሉኝ

ኮልፌ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ጭቅጭቅ ግን ሞልቶታል። ድሮ መዝገባችን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም ከኪሴ አይለይም። ኋላ ኮሚቴው «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ የኢሜይል ሣጥን አስከፈተ፤ እኔም ደብዳቤውን ሁሉ በየፎልደሩ አሰናዳሁ፤ «እድር»፣ «ክ/ከተማ»፣ «መዋጮ» እያልኩ።

ባለፈው ክረምት ሣጥኑ ወደ ሌላ ሰርቨር ተዛወረ። በማግስቱ ስከፍተው «ክ/ከተማ» የለም፤ በቦታው «ክ» የሚባል ባዶ ፎልደር ተገትሯል። «እድር» ደግሞ በ& ምልክት የሚጀምር፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ጉድ ሆኗል። ቫይረስ መሰለኝና ደመሰስኩት። በዚያው ሳምንት አንድ አባላችን አረፉ። መዋጮአቸውን ትልክላቸው የነበረችው ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ናት፤ የላከችበትን ማስረጃም በኢሜይል ታደርስልን ነበር። «ውዝፍ አለባቸው»፣ «የለባቸውም» የሚለው ክርክር እዚያው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነሣ። ማስረጃው በእኔ እጅ ነበር፤ አጠፋሁት። ባለቤታቸው ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኮምፒዩተር የሚጠግንልን ወጣት መጣና ፍርዱን ሰጠ፤ «ጋሼ፣ ፎልደር በአማርኛ አይጻፍም። በእንግሊዝኛ ይጻፉትና ይገላገሉ።»

ይህን ምክር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። እኔ ግን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ፊደሌ እንዲቀጣ አልፈቅድም።

ነገሩን እንየው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1963 አስኪ የሚባለውን የምልክት ሠንጠረዥ ሲያወጡ የኋላ ኋላ የረጋው ስፍራ 128 ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ሲባል 231 ነው፤ ዲቃላዎቹንና 20ዎቹን ቁጥሮች ሳንጨምር። ስለዚህ ለዓመታት የአማርኛ ፊደል የሚጻፈው በላቲኑ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ትርኪምርኪ ይለወጣል። ያ ዘመን ግን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ «ሀ» 4608 ቁጥርን ይዛ ተቀመጠች። ከዚህ ወዲያ «ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም» የሚል ሰው ካለ የማያውቀው ራሱ ነው።

የፎልደር ስምስ? እሱም ሕግ ወጥቶለታል። ኢማፕ የሚባለው የኢሜይል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 ላቲን ያልሆነ ስም እንዴት ተሸፍኖ እንደሚተላለፍ ደንግጓል። በዚያ ደንብ «እድር» የሚለው ሦስት ፊደል ስምንት የላቲን ምልክት ይሆናል፤ ከፊቱ &፣ ከኋላው ሰረዝ ይጨመርና ዐሥር ይሞላል። ተቀባዩ ፕሮግራም ሽፋኑን ገልጦ «እድር» ብሎ ማሳየት ግዴታው ነው። የእኔን ሣጥን ያዛወረው ፕሮግራም ግን ሽፋኑን ስሙ መስሎት በላዩ ላይ ሌላ ሽፋን ደረበበት። አማርኛ ምን አጠፋ? ፈረንሳዊም በጭረት ያጌጠ ፊደሉን ቢጽፍ ያው ዕጣ ይደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ ደንብማ ሽፋኑን ራሱን አስቀርቶ ስሙ እንዳለ ይለፍ ብሏል።

«ክ/ከተማ»ን የሰነጠቀው ደግሞ ይባስ ያስቃል። እዝባሩ የእኛ ፊደል አይደለም! ከእነሱው ሠንጠረዥ የተገኘ ምልክት ነው። አዲሱ ሰርቨር እዝባርን «ፎልደር በፎልደር ውስጥ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ «ከተማ» በ«ክ» ሆድ ውስጥ ተደብቃ ኖሯል። የቀድሞው ሰርቨር የሚከፋፍለው በነጥብ ነበርና እዝባሩን ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። እዚያ ደግሞ «ዓ.ም» ብዬ ብጽፍ «ም» ወደ «ዓ» ሆድ ትገባለች። «እ.ኤ.አ.»ን አስቡት! ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ወ/ሮ እያለ ቃልን በእዝባር ማሳጠር ለለመደ አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

እሺ፣ በእንግሊዝኛ ልጻፈው። ቀለመወርቅን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪዩ ይጀምረዋል። ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ። ያረፉትን ሰው ስም በስንት ዓይነት ልፈልገው ነው? በራሳችንም ፊደል ጸሐይና ፀሐይ አለብን ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አለብን። ግን አንዱን ቁስል በሌላ ቁስል ማከም ምን ይባላል?

እኔ የምከሰው ያንን ወጣት ብቻ አይደለም፤ እሱ የተማረውን ተናገረ። የምከሰው ፕሮግራም ሲገዛ «ክ/ከተማ» ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ ጽፎ የማይሞክረውን ገዥ ነው፤ ሻጩም ያውቃል፣ ቅሬታ እንደማይመጣበት። እኛ በየቢሮው ስማችንን በላቲን እየጻፍን ስንገላገል፣ ስህተቱን የሚያርም ሰው ከየት ይምጣ? ያልተነገረው ሰው አያርምም።

ደብዳቤዎቹ በአሮጌው ሰርቨር ቅጂያቸው ተገኘ፤ ልጅቱ አንድም ወር አላሳለፈችም። ገንዘቡ ለባለቤታቸው የተሰጠው ግን ከሠልስቱ በኋላ ነው፤ በብድር ከቀበሩ በኋላ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ምን ታደርግ ልጄ፣ የማሽን ነገር» አሉኝ።

ፎልደሮቹን እንደገና ሰይሜአቸዋለሁ። ለእዝባሩ ተሸንፌ «ክፍለ ከተማ» ብዬ ሙሉውን ጽፌዋለሁ፤ ለነገሩ አማርኛውም እንዲህ ያምርበታል። «እድር» ግን «እድር» ነው። ወጣቱን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ስህተቱን ጽፈህ ላክ ብዬዋለሁ፤ እስኪልክ ድረስ በየቅዳሜው እየደወልኩ አስታውሰዋለሁ።